ኒካሕ፣ ኑዛዜ እና የካውንቲው ፕሮቤት ፍርድ ቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

እዚህ ጆርጂያ ስቴት ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖር የነበረ አንድ ወንድማችን ባለፈው ዓመት ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ገና አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጀመዓው ጀናዛውን በአንድ ቀን አዘጋጅቶ ቀበረ። ምግቡም፣ መዋጮውም፣ ለባለቤቱና ለሁለት ልጆቹ አይዞአችሁ ባዩም አልጎደለም። በዚህ በኩል አልሐምዱሊላህ አንታማም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ደወለችልኝ። ባንኩ የባሏን ሒሳብ ለመልቀቅ «ከፕሮቤት ኮርት ወረቀት አምጪ» ብሏታል። እኔ በሙያዬ ሲቪል ኢንጂነር እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ወደ እኔ የደወለችው የባሏ ጓደኛ ስለነበርኩና በጀመዓው ዘንድ ፎርም መሙላት የማይሰለቸው ተብዬ ስለምታወቅ ነው። ዒዳ ላይ ነበረች። ጉዳዩ ግድ መሆኑን ኡስታዛችንን ጠይቃ፣ ከወንድሟ ጋር ሆነን አንድ ቀን ጠዋት ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄድን።

የመስኮቱ ሠራተኛ የሞት ሰርተፍኬቱን አየችና የጋብቻ ሰርተፍኬት ጠየቀች። እህታችን ከቦርሳዋ የኒካሕ ወረቀቷን አወጣች። ወሊይዋ፣ ሁለቱ ምስክሮችና ኢማሙ የፈረሙበት፣ መህሩ የተጻፈበት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ሠራተኛዋ በአክብሮት አገላብጣ አየችውና «ይህን አይደለም፣ ካውንቲው የሰጣችሁን ነው» አለች። የለም አልናት። የሕግ ምክር መስጠት እንደማይፈቀድላት ነገረችን። ቀጥላም የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው እዚሁ መሆኑን ለማስረዳት አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ወዳለ ሌላ መስኮት በእጇ አመለከተች።

እህታችን ወደ መስኮቱ አየች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለግማሽ ቀን እዚያ ቢቆሙ ኖሮ ዛሬ በዚህኛው መስኮት የሚጠየቁት ወረቀት በእጃቸው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ ጠበቃና ዓሊም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ፕሮቤት ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?

በጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ፕሮቤት ፍርድ ቤት አለው። ዳኛው በካውንቲው ነዋሪዎች ለአራት ዓመት ይመረጣል። «ፕሮቤት» የሚለው ቃል መነሻው አንድን ኑዛዜ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ሥራ ግን ከዚያ ይሰፋል።

አንደኛ፣ ሰው ሲሞት ኑዛዜ ካለው ኑዛዜውን ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውንም ይሾማል። ኑዛዜ ከሌለው የውርሱን አስተዳዳሪ ይሾማል። ሁለተኛ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት፣ ለንብረታቸውም ጠባቂ ይሾማል። ሦስተኛ፣ በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ራሳቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ አዋቂዎችም እንዲሁ ያደርጋል። ከአገር ቤት ያመጣናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው የምንሄደው ወደዚሁ ፍርድ ቤት ነው። አራተኛ፣ የጋብቻ ፈቃድ ይሰጣል፣ መዝገቡንም ይይዛል። የጦር መሣሪያ መያዣ ፈቃድም ከዚሁ ይወጣል። ፍቺ ግን እዚህ አይታይም፤ ፍቺን የሚያየው ሱፒርየር ኮርት የሚባለው ሌላ ፍርድ ቤት ነው።

የሚሄዱት ሟቹ ሲሞት ነዋሪ ወደነበረበት ካውንቲ እንጂ ወደሞተበት ወይም እናንተ ወደምትኖሩበት አይደለም። ሌላ ስቴት የምትኖሩ ስሙ ሊለያይባችሁ ይችላል። በሜሪላንድ ኦርፋንስ ኮርት፣ በኒው ዮርክ ሰሮጌትስ ኮርት ይባላል፤ በቨርጂኒያ ጉዳዩ የሚቀርበው ለሰርኪት ኮርት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሕጎች የጆርጂያ ናቸው። ስቴቱ ሲለያይ ድርሻውም ሥርዓቱም ይለያያል።

አገር ቤት የለመድነውን ይዘን ደግሞ እንዳንሳሳት። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የሙስሊሞችን የኒካሕና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ያያሉ። እዚህ የሚያየው የካውንቲው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እሱም ሃይማኖታችንን አይቃወምም፣ ሃይማኖታችንንም አያስፈጽምም፤ የሚያውቀው በሕጉ መሠረት ተጽፎ የቀረበለትን ነው። ጥሩ የተሠራ ፕላን በካውንቲው ካልጸደቀ ግንባታ እንደማይጀመርበት ሁሉ፣ በልባችን የያዝነው ሐሳብም እንዲሁ ነው።

ያለ ኑዛዜ ስንሞት ማን ይወርሳል?

ኑዛዜ ሳይጽፍ የሞተ ሰው ኑዛዜ የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ ስቴቱ የጻፈለት አለ። በጆርጂያ ሕግ ሟቹ ባለቤትና ልጆች ካሉት እነሱ እኩል ይካፈላሉ። ልጆቹ ብዙ ቢሆኑም የትዳር ጓደኛ ድርሻ ከሦስት አንድ እጅ አያንስም። ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ እያለ እናትና አባት ምንም አይወርሱም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው እዳው ተከፍሎ የተጣራ 72 ሺህ ዶላር ትቶ ሞተ እንበል። ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። በሱረቱ አን-ኒሳእ በተደነገገው ድርሻ ሚስት ስምንተኛውን 9 ሺህ፣ እናት ስድስተኛውን 12 ሺህ ታገኛለች። ከቀረው 51 ሺህ ወንዱ 34 ሺህ፣ ሴቷ 17 ሺህ ይሆናል። በጆርጂያ ሕግ ግን ሚስትና ሁለቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 24 ሺህ ይወስዳሉ፤ ደሴ ወይም ከሚሴ ሆነው በልጃቸው ላይ የተማመኑት እናት ዜሮ ናቸው።

«ታዲያ በኋላ በስምምነት በሸሪዓ እንካፈላለን» የሚል ይኖራል። ወራሾቹ ሁሉ አዋቂ ከሆኑ እውነት ነው፣ ፈቅደው የድርሻቸውን ማስተላለፍ ይችላሉ፤ የሚያስገድዳቸው ግን የለም። ልጆች ለአካለ መጠን ካልደረሱ ደግሞ ስማቸውን ወክሎ ድርሻቸውን ለአያታቸው የሚያነሳ ሰው የለም። ዳኛው የተቀመጠው የልጁን ገንዘብ ለመጠበቅ ነው። የየቲምን ገንዘብ መጠበቅ በዲናችንም ከባድ አማና ስለሆነ ዳኛውን ልንወቅሰው አንችልም። ጥፋቱ በጊዜው ያልጻፈው ሰው ነው።

ኒካሕ ያለ ካውንቲው ወረቀት

ወደ እህታችን ልመለስ። በጆርጂያ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በመኖር ብቻ የሚጸና ጋብቻ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ወዲህ የለም። ኒካሓቸው በሸርዑ የተሟላ ነበር፤ የጋብቻ ፈቃድ ግን አላወጡም። ያማከርነው ጠበቃ ባለው ማስረጃ ሚስትነቷን ለወራሽነት ማስረዳት እንደማይቻል ነገረን። ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረች፣ ሁለት ልጅ የወለደችለት ሴት ከውርሱ ምንም የላትም ማለት ነው። ስቴቱ ከሚሰጠው ሦስተኛ ብቻ ሳይሆን አላህ ከደነገገላት ስምንተኛም ተነጠለች።

ሌላም አለ። የጆርጂያ ሕግ ለሟች ባለቤትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች «የአንድ ዓመት መተዳደሪያ» የሚባል መብት ይሰጣል። በ24 ወር ውስጥ ለዚሁ ፍርድ ቤት ካመለከቱ ከቀብር ወጪና ከአበዳሪዎች ሁሉ በፊት ይታሰባል። ልጆቹ ይህን መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ እሷ በስሟ አትችልም። ልጆቹ ወራሽ መሆናቸውን ማስረዳት ግን አላስቸገረንም፤ አባታቸው በልደት ሰርተፍኬታቸው ላይ ፈርሞ ነበር።

አገር ቤት በሕጋዊ መንገድ ተጋብተው የመጡ በዚህ አይሰጉ፤ ጋብቻቸው እዚህም ይታወቃል። ሰርተፍኬታቸውን ግን አስተርጉመው ያስቀምጡ። እዚህ መስጂድ ውስጥ ብቻ ኒካሕ ያሰራችሁ ግን ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ሥራው ቀላል ነው። ሁለታችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ፕሮቤት ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ፣ ፈቃዱን ትቀበላላችሁ፣ ኒካሕ የሚያስረው ኢማም ፈርሞ ወደ ፍርድ ቤቱ ይመልሰዋል። ዳኛው ኒካሑን አይሽረውም፣ አይተካውም፤ ይመዘግበዋል እንጂ። ለሴት ልጆቻችሁ ወሊይ የሆናችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ መህሩን እንደምትጠይቁ ይህንንም ወረቀት ጠይቁ።

ልጆቹና ገንዘባቸው

በጆርጂያ ሕግ የልጁን አካል የሚያሳድግ ሞግዚትና የልጁን ንብረት የሚጠብቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ሹመቶች ናቸው። እናት የራሷን ልጆች ለማሳደግ ማንንም አታስፈቅድም። የልጆቹ ገንዘብ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን ሲያልፍ ግን፣ እናትም ብትሆን፣ ንብረቱን ለመጠበቅ በፍርድ ቤቱ መሾም ይኖርባታል። እህታችን በዚህ መንገድ ተሾመች። ዋስትና አስገባች፤ በየዓመቱ ምን ገባ ምን ወጣ ብላ ለፍርድ ቤቱ ሒሳብ ታቀርባለች። ልጆቹ አካለ መጠን ሲደርሱ ገንዘቡ ይሰጣቸዋል። «የባሌን ገንዘብ በልጆቼ ስም እየጠበቅሁ ነው» ትላለች።

ሁለታችሁም በአንድ አደጋ ብታልፉስ? አላህ ይጠብቀን። ወላጅ በኑዛዜው ለልጆቹ ሞግዚት መሰየም ይችላል። ካልሰየመ ልጆቹ በየትኛው ቤት፣ በምን ዲን እንደሚያድጉ የሚወስነው የማያውቃችሁ ዳኛ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ለዚህ ሲባል ብቻ ኑዛዜ መጻፍ በቂ ምክንያት ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው ኑዛዜ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ አጠገቡ ሳይቀመጥ ሌሊቶች ሊያልፉበት እንደማይገባ አስተምረዋል። ብዙዎቻችን ግን ወሲያ ማለት በጣር ሰዓት ለሽማግሌዎች የሚነገር ቃል ይመስለናል። በጆርጂያ በቃል የተነገረ ኑዛዜ አይጸናም፤ በስልክ ተቀድቶ የተላከ ድምፅም እንዲሁ። ሕጉ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦

- ኑዛዜው በጽሑፍ መሆንና በተናዛዡ መፈረም አለበት።
- ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ተናዛዡ ባለበት መፈረም አለባቸው። ከኑዛዜው ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምስክር አይሁን። ሌሎች ሁለት ምስክሮች ከሌሉ ለእሱ የተሰጠው ይወድቅበታል።
- በኖታሪ ፊት የቃለ መሐላ ገጽ ቢጨመርበት፣ በኋላ ምስክሮችን ፈልጎ ማምጣት አያስፈልግም።
- ዋናው ቅጂ ይጠበቅ። ዋናው ጠፍቶ ኮፒ ብቻ ከቀረበ፣ ሟቹ ራሱ ሰርዞታል ተብሎ ይገመታል።
- ጋብቻ ሲፈጸም ወይም ልጅ ሲወለድ ኑዛዜው ይታደስ።

የጆርጂያ ሕግ ንብረትን ለፈለጉት መስጠትን ሰፋ አድርጎ ይፈቅዳል። ስለዚህ የአን-ኒሳእን ድርሻ በኑዛዜ መጻፍ ምንም አይከለክለንም፤ በሩ ክፍት ነው። «ንብረቴ በሸሪዓ ይከፋፈል» ብሎ ብቻ መተው ግን አደጋ አለው፤ ዳኛው የሃይማኖት ጥያቄ ተርጉሞ ድርሻ አያወጣም። ማን ስንት እንደሚወስድ በግልጽ ይጻፍ፤ ከወራሾቹ አንዱ ቀድሞ ቢሞት ምን እንደሚሆንም ይጨመር። ዓሊሙ ድርሻውን ያውጣ፣ ጠበቃው በሕግ ቋንቋ ያስቀምጠው።

እዳችሁንም ጻፉ። ውርስ የሚከፋፈለው ከቀብር ወጪ፣ ከእዳና ከኑዛዜ በኋላ ነው፤ ወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ለሰደቃ የምንናዘዘውም ከሲሶ አያልፍም። ያልተከፈለ መህር በባል ላይ ያለ እዳ ነው። ያልወጣ ዘካ ካለ፣ ከወንድም የተወሰደ ብድር ካለ፣ የእቁብ ቀሪ ካለ ይመዝገብ። ቤት ውስጥ ካለው ንብረት የሚስት የግሏ የሆነውም ተለይቶ ይጻፍ፤ የእሷ ንብረት የባሏ ውርስ አይደለም።

አስፈጻሚ ሁን ስትባሉ

አስፈጻሚ ወይም አስተዳዳሪ ሆኖ መሾም የክብር ስም አይደለም፣ ሥራ ነው። የሹመት ደብዳቤውን ከፍርድ ቤቱ ይቀበላል፤ ባንኩ የሚጠይቀው ወረቀት ይህ ነው። የሟቹን ንብረት ይሰበስባል፣ ከግዴታው ነፃ ካልተደረገ በስድስት ወር ውስጥ ዝርዝሩን ያቀርባል። አበዳሪዎች እንዲያውቁ በጋዜጣ ለአራት ሳምንት ያሳውጃል። እዳውን በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፍላል፣ ግብር ያጣራል፣ የቀረውን ያከፋፍላል። ዘመድ ተጨቃጨቀ ብሎ እዳ ሳይጣራ ያከፋፈለ ሰው ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። የሟቹን ገንዘብ ከራሱ ሒሳብ ጋር መቀላቀልም የለበትም። ኑዛዜ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ሳይዘገይ ለፍርድ ቤቱ ማስረከብ ግዴታው ነው፤ ባይወደውም መደበቅ አይችልም።

በፍርድ ቤቱ የማያልፍ ንብረትም አለ። የሕይወት ኢንሹራንስ፣ የሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ፣ ተጠቃሚ የተሰየመበት የባንክ ሒሳብ፣ ኑዛዜው ምንም ቢል፣ በአብዛኛው በቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ይሄዳል። የወንድማችን የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ላይ ተጽፎ የነበረው የታናሽ ወንድሙ ስም ነው፤ ሥራ ሲጀምር፣ ሳያገባ የሞላው ቅጽ ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሙ ላከ። እሱም በሳምንቱ ለእህታችን አምጥቶ አስረከበ። አላህ ይቀበለው፤ ባይሰጣት ግን የምትከሰው ሕግ አልነበራትም። አሮጌ ቅጾቻችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩ። አገር ቤት ያለ ቤትና መሬት ደግሞ በዚያው አገር ሕግ ነው የሚታየው፤ ለእሱ ለብቻ ተዘጋጁ።

በመጨረሻም

የእህታችን ጉዳይ በስምንት ወር አለቀ። እናቱ ከልጃቸው ውርስ ምንም አልደረሳቸውም። እህታችን ከታናሽ ወንድሙ ከተቀበለችው ላይ ስድስተኛውን ቆጥራ ላከችላቸው። ግዴታ እንደሌለባት ነግሬያት ነበር። «እሱ ቢጽፈው ኖሮ የሚጽፈው ይህን ነው» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ራሴን አጽድቼ አይደለም። እኔና ባለቤቴም ኒካሕ ካሰርን ስድስት ዓመት ሆኖን፣ የካውንቲውን ወረቀት «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልን ነበር የቆየነው። ያን ቀን ከፍርድ ቤት ወጥቼ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። በሳምንቱ ልጃችንን በጋሪ እየገፋን ወደ ሁለተኛው መስኮት ሄድን። ሠራተኛዋ ጋሪውን አይታ ፈገግ አለችና «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን። ኢማማችን የዚያን ቀን ከዐስር በኋላ ፈረመልን። ኑዛዜያችንን ለማስጨረስ ሌላ ሁለት ወር ወሰደብን። የፈጀው ጊዜ ገንዘቡን ለማከፋፈል አልነበረም፤ ልጃችንን ማን ያሳድጋት በሚለው ላይ መስማማት ስላቃተን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ያንን ንግግር በሕይወት ሳለን ተነጋገርነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ጁሙዓ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁ የት እንዳለ እዩ። የኢንሹራንስና የጡረታ ቅጻችሁ ላይ የማን ስም እንዳለ አረጋግጡ። ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ «ዛሬ ብሞት ምን ይጎድልሻል? ምን ይጎድልሃል?» ተባባሉ። የጎደለውን ለመሙላት ጠበቃና ዓሊም አማክሩ። የፍርድ ቤቱ ቅጾች በነፃ ይገኛሉ፤ ቅጽ በመሙላት የምንረዳም አለን።

አላህ ለወንድማችን ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው፣ የቲሞቹን ያሳድግለት፣ ለእህታችን ሶብር ይስጣት፤ እኛንም አማናችንን ሳንወጣ አይውሰደን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።